ከውጭ አገር መጥቶ ባሕር ዳር ያለ ጓደኛን በቅዳሜና እሑድ ለመጠየቅ፦ ቀን ከመቁረጥ እስከ ስንብት

ውጭ አገር መኖር ከጀመርሁ ወዲህ ወደ አገር ቤት በመጣሁ ቁጥር ቀድሞ የሚያልቅብኝ ቀን ነው። ሦስት ሳምንት ፈቃድ ይዤ እመጣለሁ፤ የአዲስ አበባው ዘመድ፣ ያደረ የቤተሰብ ጉዳይና የቢሮ ደጅ ጥናት ይቀራመቱታል፤ ባሕር ዳር ለሚኖረው የልብ ጓደኛዬ የሚተርፈው ከዓርብ እስከ እሑድ ያለው ጊዜ ብቻ ይሆናል። በዚህ መልኩ አራት ጊዜ ሄጄ ጠይቄዋለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ሆቴል ይዤ፣ ጀልባ ተከራይቼ፣ ገዳማቱንም ፏፏቴውንም ለማዳረስ ስሯሯጥ ከጓደኛዬ ጋር ተረጋግቼ የተቀመጥሁት ሁለት ሰዓት አይሞላም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ሲሸኘኝ «አሁን አንተ መጣህ ይባላል?» ያለኝ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ይህን መመሪያ የጻፍሁት ሰው ለመጠየቅ ለሚሄድ መንገደኛ ነው። ጣናን ማየት የሚፈልግም ይጠቀምበታል፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ደረጃ መነሻ ሁለት ነገር ነው፦ ያሉትን ጥቂት ሰዓታት ለጓደኛው ቤት መስጠት፣ የመስተንግዶውን ወጪና ድካም ደግሞ ሙሉ በሙሉ በጓደኛው ትከሻ ላይ አለመጣል።

ደረጃ 1፦ ቀኑን ከጓደኛዎ ጋር ይቁረጡ

ቲኬት ከመቁረጥዎ በፊት ለጓደኛዎ ደውለው «የትኛው ቅዳሜ ይመቻችኋል?» ብለው ይጠይቁ። ድንገት ደርሶ ማስደሰት የሚባለው ነገር አንድ ሰፈር ለሚኖሩ ሰዎች ነው እንጂ ለሁለት ሌሊት እንግዳ አይሆንም። የግል ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ቅዳሜም ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ደግሞ የቅዳሜና እሑድ ተማሪዎች ይኖሩታል። በጥር ወር ከጥምቀት በኋላ ሠርግ በሠርግ ላይ ስለሚደራረብ ጓደኛዎ ሚዜ ወይም ደጋሽ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። ይህ ሲያጋጥም ቀኑን ማዛወር ወይም አብሮ ሠርጉን መታደም ይቻላል፤ እኔ ሁለተኛውን አድርጌ አልተጸጸትሁም፤ ለዓመታት ያላየኋቸውን የትምህርት ቤት ጓደኞቼን ሁሉ አንድ ዳስ ውስጥ አገኘኋቸው።

ጾሙንም ያስቡበት። አውሮፓና አሜሪካ የሚኖር ሰው ብዙ ጊዜ የሚመጣው በእነርሱ የበጋ ዕረፍት ነው፤ ያ ጊዜ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ከሚጾመው ፍልሰታ ጋር ይገጥማል። ፍልሰታን ደግሞ ሕፃናት ሳይቀሩ ይጾሙታል። የገና ዕረፍት ላይ የሚመጣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የሚጾመውን የነቢያትን ጾም ያገኛል፤ በፋሲካ ሰሞን የሚመጣ ደግሞ 55 ቀን በሚቆየው ዐቢይ ጾም መካከል ሊወድቅ ይችላል። በጾም መሄድ ክፋት የለውም፤ ብቻ ጓደኛዎ እንግዳ መጣብኝ ብሎ ለእርስዎ ብቻ የፍስክ ምግብ ለማሠራት እንዳይጨነቅ «የቤቱን ነው የምበላው» ብለው አስቀድመው ይንገሩት፤ ሽሮና ተጋቢኖ ለናፈቀ ሰው ይህ መሥዋዕትነት አይደለም። ጓደኛዎ ሙስሊም ከሆነና ረመዳን ላይ ከደረሱ የመግቢያ ሰዓትዎን ለማፍጠሪያው እንዲደርስ አድርገው ያስተካክሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ፤ እርሱም የጸጥታው ሁኔታ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው የትጥቅ ግጭት ምክንያት የመንገዱ ነገር ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ይህን ከዜና ይልቅ በቦታው የሚኖረው ጓደኛዎ ያውቀዋል፤ «ይህን ሳምንት ቆይ» ካለዎት ያለ ክርክር ይቆዩ። ይሉኝታ ይዞት «ና፣ ምንም የለም» እንዳይልዎት ጥያቄውን ለይተው ይጠይቁት፦ አንተ ራስህ ሰሞኑን ከከተማ ወጥተሃል? ሚስትህንና ልጆችህን ይዘህ በዚያ መንገድ ትሄዳለህ? መልሱ ሲያመነታ እውነቱን ያገኙታል። የሚኖሩበት አገር መንግሥት ለዜጎቹና ለነዋሪዎቹ የሚያወጣውን የጉዞ ማሳሰቢያም ያንብቡ፤ ብዙዎቹ የጉዞ ኢንሹራንሶች መንግሥት አትሂዱ ወዳለበት አካባቢ ለሄደ ሰው ካሣ አይከፍሉም፤ ስለዚህ ውሉ ላይ ያለውን አንቀጽ ፈልገው ይመልከቱት።

ደረጃ 2፦ በአየር ይሂዱ፤ በመመለሻው ላይ አይቸኩሉ

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፍቼ፣ በጎሐ ጽዮን፣ ዓባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ በደጀን፣ በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላምና በእንጅባራ አድርጎ የሚሄደው መንገድ ውበቱ የሚረሳ አይደለም፤ ሆኖም ሰላም በሆነበት ዘመንም ሙሉ ቀን ይፈጅ ነበር። በየብስ ሄዶ በየብስ የሚመለስ የሁለት ቀን እንግዳ ሁለቱንም ቀን መንገድ ላይ ይጨርሳል፤ በረራው ግን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም።

ወደ አገር ቤት የገቡት በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ለአገር ውስጥ በረራ የዋጋ ቅናሽ ስለሚያገኙ፣ ዓለም አቀፉን ቲኬት ቁጥር ይዘው ይጠይቁ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ሙሉውን ይከፍላል። መታወቂያ ደግሞ አይርሱ። ፓስፖርትዎን ወይም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያዎን ዋናውን ይያዙ፤ ፎቶ ኮፒ ወይም ስልክ ላይ ያለ ምስል ይበቃል ብለው አይመኑ። በቲኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ጋር በፊደል እንዲመሳሰል ያረጋግጡ፤ «ገብረ» እና «ወልደ» ያለበት ስም የላቲኑ አጻጻፍ ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ ችግር የሚፈጠረው እዚያ ላይ ነው።

መሄጃውን ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ መመለሻውን እሑድ ማታ ወይም ሰኞ ጠዋት ያድርጉት። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከባሕር ዳር በሚመለሱበት ቀን ወደ ውጭ የሚያወጣዎትን በረራ አይያዙ። የአገር ውስጥ በረራ በአየር ጠባይም ሆነ በሌላ ምክንያት ሊዘገይ ወይም ሊሰረዝ ይችላል፤ በሁለቱ መካከል ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይተዉ።

ደረጃ 3፦ ሰዓቱንና ቀኑን በአገር ቤት ቋንቋ ይንገሩ

ይህን ራሱን የቻለ ደረጃ ያደረግሁት ዋጋ ስላስከፈለኝ ነው። በሁለተኛው ጉዞዬ ቲኬቱ ላይ የመድረሻው ሰዓት 07:20 ይላል። በውጭ አገር አቆጣጠር ተለማምጄ ነበርና ለጓደኛዬ «ሰባት ከሃያ እገባለሁ» አልሁት። እርሱ የሰማው የቀኑን ሰባት ከሃያ ነው። እኔ ከጠዋቱ አንድ ከሃያ ላይ ወርጄ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ስጠብቅ እርሱ ገና ሥራ ሊገባ እየተዘጋጀ ነበር። የአገር ውስጥ ሲም ካርድ አላወጣሁም፣ ኢንተርኔትም አልነበረኝም። ቤቱን ደግሞ በስም እንጂ በአድራሻ አላውቀውም። በመጨረሻ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ስልኩን አውሶኝ ደወልሁለት፤ ጓደኛዬ ደንግጦ ሥራውን ጥሎ መጣ፤ ከአለቃው ጋር የተቀያየመበትን ያን ጠዋት ያመጣሁበት እኔ ነኝ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ቲኬት ላይ ከ06:00 በኋላ ያለ ሰዓት ከሆነ ስድስት ይቀንሱ፦ 10:45 ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ45 ነው፤ 16:30 ከቀኑ 10 ሰዓት ከ30 ነው። ከ18:00 በኋላ ያለ ከሆነ አሥራ ስምንት ይቀንሱ፦ 19:15 ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ15 ነው። ሲናገሩም «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» የሚለውን አይተዉ። ቀኑንም እንዲሁ። ቲኬቱ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን ጓደኛዎ ግድግዳ ላይ የሰቀለው የእኛን ነው፤ ስለዚህ የቀኑን ስም ጨምረው «የፊታችን ዓርብ፣ ጥር 15» ብለው ይንገሩት። የቀን ስም በሁለቱም አቆጣጠር አንድ ስለሆነ ስሕተት ቢኖር ወዲያው ይታወቃል።

አዲስ አበባ እንደገቡ ፓስፖርትዎን ይዘው የኢትዮ ቴሌኮም ወይም የሳፋሪኮም ሲም ካርድ ያውጡ። የጓደኛዎን፣ የሚስቱንና የአንድ ጎረቤቱን ስልክ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ስለ ቤቱም «ፔዳ»፣ «ፖሊ»፣ «ዓባይ ማዶ» ወይም «ሽምብጥ» የሚለውን የሰፈር ስም ብቻ ሳይሆን ባጃጅ ነጂ የሚያውቀውን ምልክት፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት አጠገብ እንደሆነ ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ ስለ ወባና ስለ ቢልሃርዚያ ሐኪምዎን ያማክሩ

ባሕር ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው «ወባ ለእኔ አዲስ አይደለችም» ይላል። አዲስ ናት። ለዓመታት ከወባ አገር የራቀ ሰው የነበረው የመቋቋም አቅም ስለሚጠፋ እንደማንኛውም የውጭ ሰው ይታመማል። አዲስ አበባ ከፍታዋ ስለሚጠብቃት ወባ አያሰጋትም፤ ባሕር ዳር ግን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ በሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናትና በተለይ ከክረምት መውጫ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባ ይበረታል። ከሚኖሩበት አገር ከመነሣትዎ ከአንድ ወር በፊት ሐኪም ዘንድ ሄደው የወባ መከላከያ መድኃኒት ያስጽፉ፤ አንዳንዱ ከጉዞው ቀደም ብሎ መጀመርና ከተመለሱም በኋላ መቀጠል ያለበት ነው። ማታ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፤ ጓደኛዎ አጎበር ካለው ልጆቹን አስተኝቶበት ለእርስዎ እንዳይፈታልዎ የራስዎን ይዘው ይሂዱ።

ጣና ላይ አይዋኙ። በሐይቁ ዳር ያለው ቀንድ አውጣ የሚያስተላልፈው የቢልሃርዚያ ትል በቆዳ በኩል ይገባል፤ ዳር ላይ ቆሞ እግር መታጠብም ያው ነው። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ማየትዎ ለእርስዎ ማስረጃ አይሆንም፤ ለእነርሱም ጤና አይደለም።

ደረጃ 5፦ ስጦታና ገንዘብ

ባዶ እጅ አይገባም፤ ነገር ግን ሻንጣ ሞልቶ ጨርቅ ማጓጓዝም ዋጋ የለውም። ስልክ ደውለው ቁርጥ ያለ ጥያቄ ይጠይቁ፦ የእናትህ መነጽር ቁጥሩ ስንት ነው? የደም ግፊት መለኪያ አላቸው? ልጆቹ ስንተኛ ክፍል ናቸው? ጓደኛዬ «ምንም አታምጣ» ብሎ ሲምል ሚስቱ ግን የትንሿን ልጅ የጫማ ቁጥር ነገረችኝ። ከሰባት ቸኮሌት አንድ በልክ የተገዛ ጫማ ይሻላል። መድኃኒት ከሆነ በሐኪም ያልታዘዘ አያምጡ።

የያዙትን የውጭ ገንዘብ በባንክ ይመንዝሩ፤ ደረሰኙንም ያስቀምጡ። ቴሌብር ከተማ ውስጥ ቢሠራም ለጀልባ፣ ለገዳም መግቢያ፣ ለባጃጅና ለገበያ ጥሬ ገንዘብ ያስፈልጋል። ሁሉንም በባለ 200 ብር አይያዙ፤ አሥርና ሃምሳ ብር ያብዙ፤ ዝርዝር የሌለው እንግዳ በየደረሰበት ጓደኛውን ያስከፍላል።

ደረጃ 6፦ የት እንደሚያድሩ አስቀድመው ይቁረጡ

በጉዞው ውስጥ ከባዱ ውሳኔ ይህ ነው። ከጓደኛዎ ቤት ውጭ ማደር ብዙ ጊዜ እንደ ንቀት ይቆጠራል፤ «ቤቴ ጠበበህ?» የሚል ቅሬታ ያመጣል። በሌላ በኩል ቤቱ ሁለት ክፍል ሆኖ አምስት ሰው የሚኖርበት ከሆነ የእርስዎ ማደር ልጆቹን መሬት ላይ ያስተኛል። የእኔ ፍርድ እንዲህ ነው፦ ለሁለት ሌሊት ከሆነ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ጠባብ ቢሆን፣ የመጀመሪያውን ሌሊት በጓደኛ ቤት ይደሩ። ጨዋታው የሚደምቀው ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነው፤ እኔና ጓደኛዬ በሕይወታችን የሆነውን ሁሉ የተነጋገርነው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ፣ መብራት ጠፍቶ፣ በሻማ ነው።

የግድ ሆቴል መያዝ ካለብዎት ምክንያቱን በራስዎ ላይ ያድርጉት፦ የጀርባ ሕመም፣ ሌሊት የሚደረግ የሥራ ስልክ። ሆቴሉም ለሰፈራቸው የቀረበ ይሁን፤ ቁርስና እራት ግን ከእነርሱ ጋር።

ደረጃ 7፦ ዓርብ ማታ ቅድሚያ ለሐዘንና ለደስታ

ርቆ የኖረ ሰው የሚያመልጠው ትልቁ ነገር ለቅሶ ነው። በሌሉበት ጊዜ ከጓደኛዎ ቤተሰብ ሰው ሞቶ ከሆነ፣ ዓመት ቢሞላውም፣ በስልክ «ነፍስ ይማር» ብለው ቢሆንም፣ ሲደርሱ መጀመሪያ ለቅሶ መድረስ አለብዎት። ይህን ሳያደርጉ ሻንጣ ከፍቶ ስጦታ ማከፋፈል ትልቅ ስሕተት ነው።

የጓደኛዬ አባት ያረፉት እኔ ውጭ እያለሁ ነው። በሦስተኛው ጉዞዬ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ወደ እናቱ ቤት ሄድን። እቤቱ ስገባ እናቱ ከመደቡ ላይ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እንደለበሱ ተነሡ። ሳልቀመጥ፣ ሳላወራ፣ አቅፌያቸው ቆምሁ። ትንሽ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ከዚያ እጄን ሳይለቁ አጠገባቸው አስቀመጡኝና «ልጄ፣ እሱ ቢኖር ዛሬ እንዴት ደስ ባለው» አሉ። ሥራው ይህ ብቻ ነው፦ ገብቶ ማቀፍ፣ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ማለት፣ ዝም ብሎ መቀመጥ፣ ስለ ሟቹ የሚያስታውሱትን አንድ መልካም ነገር ማንሣት። ቀልደኛ እንደነበሩ ሳነሣባቸው እናቱ ፈገግ አሉና ቡና አዘዙ። ጥቁር ወይም ደብዘዝ ያለ ልብስ ይልበሱ፤ ሴት ከሆኑ ነጠላ ይያዙ። እዝን የሚወሰደው በሐዘኑ ሰሞን ስለሆነ ዘግይቶ ለደረሰ ሰው ቡናና ስኳር ይዞ መግባት ይበቃዋል።

ወልደው ከሆነ ደግሞ አራሷን «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለው ይጠይቁ። ቀጥሎ ቡናው ነው። አቦሉን ጠጥቶ መነሣት አይገባም፤ እስከ በረካ ይቀመጡ። ስልክዎን ከኪስዎ አያውጡ።

ደረጃ 8፦ ቅዳሜን ለገበያ፣ ለቤትና ለሐይቁ ዳር ይስጡ

እንግዳ የመጣበት ቤት የወር ደመወዙን በሁለት ቀን ሊያወጣ እንደሚችል ያስቡ። ዶሮ፣ ቅቤ፣ ሽንኩርትና በርበሬ ምን ያህል እንደተወደደ ከውጭ የመጣ ሰው አይገምተውም። «እኔ ልክፈል» ብሎ መከራከር ደግሞ ባለቤቱን ያሳፍራል፤ «በሞቴ» ብሎ ይምላል፣ እርስዎም ይረታሉ። የተሻለው ዘዴ ቅዳሜ ጠዋት ገበያ አብሮ መውጣት ነው። ቅዳሜ የከተማው ገበያ የሚደምቅበት ቀን ነው። ዘንቢሉን እርስዎ ይያዙ፤ የጓደኛዎ ሚስት ትምረጥ፣ ትከራከር፤ መክፈሉን ግን ነጋዴው «ይሄን ያህል ሆነ» እንዳለ እርስዎ ይቅደሙ። ገበያ መሐል ክርክር ስለማይመች ያልፍልዎታል። ዋጋውን ራስዎ ለመከራከር አይሞክሩ፤ አነጋገርዎ ከውጭ መምጣትዎን ያሳብቃልና ዋጋው ይንራል።

ዶሮው 12 ብልት እስኪወጣለት፣ ሽንኩርቱ እስኪበስል ድረስ እኩለ ቀን ያልፋል። በዚያ ጊዜ ሳሎን ተቀምጠው አይጠብቁ፤ ነጭ ሽንኩርት ይላጡ፣ የልጆቹን ደብተር ይመልከቱ። ወንድ እንግዳ ጓዳ ሲገባ መጀመሪያ «ኧረ ተው!» ይባላል፤ ሁለተኛው ቀን ላይ ይለመዳል።

ከ10 ሰዓት በኋላ ጸሐዩ ሲበርድ ሁላችሁም ወደ ሐይቁ ዳር ውጡ። ባሕር ዳር በእግር የምትመች ከተማ ናት፤ መንገዶቿ በዘንባባና በዋርካ የተጠለሉ ናቸው፤ ብስክሌትም ብዙ ነው። ዳሩ ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ከደንገል የሠሯትን ታንኳ ታያላችሁ። ቀረብ ብለው ይመልከቷት። የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ታስሮ፣ ፊትና ኋላው ወደ ላይ ተቆልምሞ የተሠራ ነው፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ጎትተው አውጥተው ጸሐይ ላይ ያቆሙታል፤ እንደዚያም ሆኖ ከጥቂት ሳምንታት በላይ አያገለግልም፤ ሌላ ይሠራል። ዓሣ ከፈለጋችሁ ቆሮሶ ጥብስ ይዘዙ፤ እዚህ ላይ ሒሳቡን እርስዎ ይክፈሉ፣ እጅ ለመታጠብ ተነሥተው አስተናጋጁን ጥግ ይዘው ቢጨርሱት ክርክር አይኖርም።

መሽቶ ሳይጨልም በግንቦት 2016 ዓ.ም. በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ በኩል ማለፍ ደስ ይላል፤ 380 ሜትር ርዝመት አለው። ነገር ግን ወታደር፣ ኬላ ወይም ጥበቃ ያለበትን ቦታ ፎቶ አያንሡ፤ መታወቂያዎን ኪስዎ ውስጥ ይያዙ፤ በጊዜ ቤት ይግቡ፤ ሰዓቱን በተመለከተ ጓደኛዎ የሚለው ሕግ ነው።

ደረጃ 9፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ቦታ ብቻ ይምረጡ

ጠዋት ቤተሰቡ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ከሆነ አብረው ይሂዱ። ከዚያ የሚቀረው ግማሽ ቀን ለአንድ ቦታ ብቻ ይበቃል፤ በጣና ዳር ያለውን የዘጌን ልሳነ ምድርና የጢስ ዓባይን ፏፏቴ በአንድ ቀን ማዳረስ ሁለቱንም አለማየት ነው።

እኔ ዘጌን እመርጣለሁ። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፤ ሲደርሱ ከወደቡ ተነሥቶ በቡና ደን ውስጥ የሚወጣው የእግር መንገድ ልጆችም አረጋውያንም ቀስ ብለው የሚሄዱበት ነው። በትውፊት በአቡነ በትረ ማርያም ግዝት በዘጌ በሬ ተጠምዶ አይታረስም፤ ደኑም እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ቤተ ክርስቲያን ናት፤ የመቅደሷ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በሥዕል የተሸፈነ ነው፤ የጓደኛዬ ልጅ ቅዱስ ጊዮርጊስን ከዘንዶው ጋር ሲያይ አባቱን እየጎተተ ሦስት ጊዜ ዞረ። ከቤተሰቡ ሴቶች አብረው ካሉ ቦታውን ቀድመው ይለዩ፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶችን አያስገቡም፤ ዑራ ኪዳነ ምሕረትና እንጦስ ኢየሱስ ግን ያስገባሉ። ጫማ ይወልቃል፤ ነጠላ ይዘው ይሂዱ።

ጀልባውን ሲዋዋሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ዋጋው ለጀልባው ነው ወይስ በነፍስ ወከፍ? ስንት ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል? የሕይወት አድን ጃኬት ለሁሉም፣ ለልጆችም ጭምር፣ አለው? ለልጆች የሚሆን ከሌለው ሌላ ጀልባ ይፈልጉ። የገዳሙ መግቢያና የአስጎብኚው ክፍያ ከጀልባው ውጭ እንደሆነም አይርሱ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ስለሚነሣና ማዕበሉ ስለሚበረታ ከቅዳሴ መልስ ሳይዘገዩ ተነሥተው በጊዜ ይመለሱ። ነፋሱ ጀምሮ ከሆነ ጉዞውን ይተዉት።

ጢስ ዓባይ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ፏፏቴው የሚያምረው ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ነው፤ በበጋ ውኃው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚሄድ ገደሉን ብቻ ሊያዩ ይችላሉ። ከከተማ የሚያስወጣ ስለሆነም ጓደኛዎ ካልፈቀደ አይሂዱ። ምንም ሳይሄዱ ቤት ቢውሉም ቀኑ አልባከነም።

ደረጃ 10፦ ስንብት

ለቤተሰቡ መስጠት የሚፈልጉት ገንዘብ ካለ በጠረጴዛ ላይ አያስቀምጡ፣ በጓደኛዎም እጅ አይስጡ። ለእናቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ጉልበታቸውን ስመው «ለቡና ነው» ብለው በእጃቸው ያኑሩ፤ ለልጆቹ «ለደብተር መግዣ» ይበሉ። ጓደኛዎ ሥራ አጥቶ ወይም ታሞ ከሆነ ገንዘቡን አዲስ አበባ ሲመለሱ በባንክ ይላኩለት፤ ፊት ለፊት መቀበል የሚከብደው ሰው አለ። የማይፈጽሙትን ነገር ቃል አይግቡ። «ወደዚያ አወጣሃለሁ» የሚል ወሬ በምሽት ጨዋታ በቀላሉ ከአፍ ይወጣል፤ የሰማው ሰው ግን ዓመት ይጠብቅበታል።

አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው አሥር ኪሎ ሜትር ባይሞላም ፍተሻ ስላለ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይድረሱ። ዘመድ እስከ ውስጥ ስለማይሸኝ ስንብቱን ቤት ይጨርሱ። የጓደኛዎ እናት ቆሎ፣ የዘጌ ቡናና በርበሬ ቋጥረው ይሰጡዎታል፤ ይቀበሉ፤ በሻንጣ ይላኩት እንጂ በእጅ አይያዙት፤ ወደሚኖሩበት አገር ማስገባት የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ግን አስቀድመው ይወቁ። ቦሌ እንደወረዱ፣ ሻንጣዎን ከማንሣትዎ በፊት፣ «በሰላም ገባሁ» ብለው ይደውሉ፤ እናቱ እስኪደወል አይተኙም።

ከተመለሱ በኋላ ባሉት ወራት ትኩሳት ከያዘዎት፣ ጉንፋን ቢመስልዎትም፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሄደው «ወባ ካለበት አካባቢ ነበርሁ» ይበሉ፤ እርስዎ ካልነገሩት የውጭው ሐኪም ወባን ላያስብ ይችላል። ፎቶግራፎቹን ደግሞ ስልክ ላይ ልከው አይተዉ። ከእናቱ ጋር የተነሣችሁትን በወረቀት አሳጥበው ወደ አገር ቤት በሚሄድ ሰው ይላኩላቸው፤ እኔ የላክሁት ዛሬ ከባለቤታቸው ፎቶ ጎን ተሰቅሏል።